ጦስኝ የሚሸት ፕላስቲክ

በእኛ ሙያ ስብሰባ ላይ የማይነሳ፣ ሻይ ላይ ግን ሁሌም የሚነሳ ጉዳይ አለ። የምግብ ማሸጊያ ፊልም ከሚሠሩት ወገን ነኝ። ሲጣል የሚበሰብስ፣ ከዕፅዋት የወጣ ዘይት ወይም ጭማቂ የተዋሃደበት፣ ምግቡን ከመጠቅለል አልፎ ከብልሽት የሚጠብቅ ስስ ፊልም ነው የምንሠራው። «አክቲቭ ማሸጊያ» እንለዋለን። ስላይድ ላይ ሲቀርብ የፕላስቲክን፣ የምግብ ብክነትንና የኬሚካልን ጣጣ ባንዴ የሚገላግል ይመስላል።

ሥራው ውሸት አይደለም። ፊልሙ አለ፤ ባክቴሪያም ይገድላል። ሹክ የምላችሁ የት ላይ እንደሚገድል ነው። አብዛኛው ድላችን የተመዘገበው ፔትሪ ዲሽ ላይ ነው። ሥጋ፣ ዳቦና ቅቤ ዘንድ ስንደርስ ነገሩ ይለወጣል።

መጀመሪያ ጓዳውን ላሳያችሁ። ካይቶሳን የሚባለው ነጣ ያለ ዱቄት ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት ይወጣል። ተራ ውሃ አያሟሟውም፤ አሲድ ይፈልጋል። ስለዚህ አቼቶን አቼቶ የሚያሰኘውን አሴቲክ አሲድ 1 በመቶ ያህል ውሃ ውስጥ እንጨምርና 2 በመቶ ያህል ካይቶሳን እንለቅበታለን። ማግኔት ማማሰያው ላይ ሲዞር ያድራል። ጠዋት ስንመጣ እንደ አጥሚት የወፈረ፣ ቢጫ ቢጫ የሚል ነገር ይጠብቀናል። ከዚያ ግሊሰሪን ይገባል፤ አዎ፣ ያው ለቆዳ የምንቀባው። እሱ ከሌለ ፊልሙ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ቀጥሎ የጦስኝ፣ የቀረፋ ወይም የቅርንፉድ ዘይት። ዘይትና ውሃ ስለማይዋደዱ ትዊን 80 የሚባል አስታራቂ ይጨመርና በከፍተኛ ፍጥነት ይመታል። አረፋው ከወጣ በኋላ ሳህን ላይ ይፈስና 40 ዲግሪ አካባቢ ማድረቂያ ውስጥ ይገባል።

የሚያስቸግረው መላጡ ነው። ጫፉን በምላጭ ቀስ አድርገህ ታነሳለህ፣ በሁለት ጣት ትይዛለህ፣ ትንፋሽህን ውጠህ ትስባለህ። መልካም ከሆነ የሽንኩርት ልጣጭ የሚያህል ውፍረት ያለው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ክብ ነገር እጅህ ላይ ይቀራል። ካልሆነ መሐል ላይ ሲደርስ ይተረተራል። የማስተርስ ተማሪዎች ፊት የሚጠቁረው እዚህ ላይ ነው። ጆርናል ላይ የምታዩት ፎቶ ከተላጡት ሁሉ ያማረው ነው፤ አረፋ ያነቆረው፣ ጠርዙ የተጠቀለለው፣ ዘይቱ ላብ ሆኖ ፊቱ ላይ የወጣው የትም አይታይም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ጣል ላድርግ። ሽሪምፕ ብዙ ሰው ላይ አለርጂ ያስነሳል። ለእኛ አገር ሰው ደግሞ አለርጂው ብቻ አይደለም፤ ኦርቶዶክሱ ሽሪምፕ አይበላም። ከአሳማ ቆዳ የሚወጣው ጄላቲንም ሌላው የዘርፉ ተወዳጅ ፊልም ነው፤ እሱን ደግሞ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ እስራኤል ያለው ቤተ እስራኤልም አይቀበለውም። ጽሑፎቻችን ስለ ጥንካሬና ስለ ግልጽነት ገጽ ሙሉ ያወራሉ፣ ስለዚህ ግን ትንፍሽ አይሉም። ከፈንገስ የሚወጣ ካይቶሳን፣ ከተክል የሚወጣ ስታርች መኖሩ በጀ።

አሁን ወደ ሹክሹክታው። ፊልሙ ባክቴሪያ መግደሉን የምናሳየው እንዲህ ነው። ክብ ቁራጭ ቆርጠን ስታፊሎኮከስ ወይም ኢ. ኮላይ የተዘራበት ሳህን መሐል እናስቀምጣለን። በማግስቱ ዙሪያውን ባክቴሪያ ያልበቀለበት ቀለበት ካለ በሚሊሜትር እንለካለን። ቀለበቱ ሰፋ ሲል ደስታ ነው። ነገር ግን ካይቶሳን ራሱ ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ ከሥሩ ያለውን እንጂ ራቅ ያለውን አይነካም። ታዲያ ቀለበቱን ማን ሠራው? አንዳንዴ ዘይቱ፣ አንዳንዴ ደግሞ ሳይተን የቀረው አሴቲክ አሲድ ነው። ስለዚህ አንድ ጽሑፍ ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ፊልሙ ከፈተናው በፊት በአልካሊ ታጥቦ አሲዱ መወገዱን ነው። ካልታጠበ ገጹን እገለብጣለሁ።

የአንቲኦክሲዳንት ፈተናውም ከዚህ አይሻልም። ዲፒፒኤች የሚባል ሐምራዊ ፈሳሽ አለ፤ ፊልሙ ጥሩ ከሆነ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ዓይን ይማርካል፣ ለጉብኝት እንግዳም ይመቻል። ብቻ ፈሳሹ የሚዘጋጀው በሜታኖል ወይም በኤታኖል ነው፤ አልኮሉ ከፊልሙ ውስጥ ያለውን ሁሉ ጎትቶ ያወጣል። ምግብ ይህን ያህል ጉልበት የለውም።

እርጥበቱም አለ። ፊልሙን ከመለካታችን በፊት የማግኒዥየም ናይትሬት ሙሙት ባለበት የተዘጋ ዕቃ ውስጥ እናሳድረዋለን፤ አየሩ 53 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ላይ ይረጋል። ካይቶሳን በእንዲህ ያለ ደረቅ አየር ኦክስጅንን አላሳልፍም ብሎ ይከለክላል፣ ከብዙ ፕላስቲክም ይበልጣል። ጥሬ ሥጋ የታሸገበት ፓኮ ውስጥ ግን እርጥበቱ 100 ሊሞላ ምንም አይቀረው። እዚያ ፊልሙ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በሩም ይከፈታል። አሲድም አለ። የአውሮፓ ሕግ ማሸጊያን ሲፈትሽ ኮምጣጣ ምግብን የሚወክለው 3 በመቶ አሴቲክ አሲድ ነው፤ ለረጅም ጊዜ መቆያ ከሚሆኑት ፈተናዎች አንዱ ደግሞ በ40 ዲግሪ 10 ቀን ነው። ቅድም ካይቶሳኑን ያሟሟነው በምን ነበር? እንዳሰባችሁት ነው፤ ተጨማሪ ማጠንከሪያ ካልተደረገለት ፊልሙ ፈተናውን ሳይጨርስ ራሱ ያልቃል።

በሳህን እየፈሰሰ የሚሠራ ፊልም ፋብሪካ አይገባም። ፋብሪካ የሚያውቀው ኤክስትሩደርን ነው፤ እንክብሉ ከላይ ይገባል፣ ቀልጦ በሌላ በኩል ፊልም ሆኖ ይወጣል። ለዚህ የሚመቸው ፒኤልኤ ነው፤ የበቆሎ ስኳር ተብላልቶ ላክቲክ አሲድ ይሆናል፣ ላክቲክ አሲዱ ተቀጣጥሎ ፕላስቲክ ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ ኔብራስካ፣ ብሌር ከተማ እ.ኤ.አ. በ2002 የተከፈተው ፋብሪካ ነው በብዛት ወደ ገበያ ያወጣው። ፒኤልኤ ኤክስትሩደር ውስጥ የሚሠራው ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። እንክብሉ ትንሽ እርጥበት ከያዘ ውሃው ሰንሰለቱን ይቆራርጠዋል፤ ስለዚህ በሚሊዮን ከ250 ክፍል በታች እርጥበት እስኪቀረው ማድረቅ ግድ ነው።

ጦስኝ ውስጥ ያለውን ቲሞልን እዚያ ሙቀት ውስጥ ጨምሩት እስቲ። የሚፈላበት ነጥብ 232 ዲግሪ ነው ብላችሁ አትጽናኑ፤ ከዚያ ብዙ ቀድሞ መብነን ይጀምራል። ማሽኑ ያለበት አዳራሽ ሲያውድ ይውላል፣ የጎረቤት ቢሮ ሰዎች ምን እየጠጣችሁ ነው ይላሉ፣ ፊልሙ ውስጥ የቀረው ግን ከገባው ብዙ ያነሰ ነው። ብልሃት አለ፤ ዘይቱን ሳይክሎዴክስትሪን ወይም ሸክላ ውስጥ ደብቆ ማስገባት፣ ወይም ፊልሙ ከተሠራ በኋላ ከላይ መቀባት። ሁለቱም ገንዘብ ይፈልጋሉ፤ ተራው ፖሊኤትሊን ደግሞ ርካሽ ነው።

ፒኤልኤ ሌላም ጠባይ አለው፤ ደረቅ ነው። ብዙ ጊዜ 10 በመቶ እንኳ ሳይለጠጥ ይበጠሳል፣ ሲነኩትም ይንኮሻኮሻል። ይህ ቀላል ነገር የሚመስለው የሰንቺፕስን ታሪክ ይስማ። አምራቹ ፍሪቶሌይ ቺፕሱን ከፒኤልኤ በተሠራ፣ ብስባሽ በሚሆን ከረጢት አሽጎ ለገበያ አቀረበ። ከረጢቱ ሲነካ የሚያሰማው ድምፅ ግን ጆሮ የሚበጥስ ሆነ፤ አንድ ደንበኛ 95 ዴሲቤል አካባቢ ለካሁት ብሎ በቪዲዮ አሳየ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2010 ኩባንያው አሜሪካ ውስጥ ከረጢቱን ከአብዛኞቹ የሰንቺፕስ ጣዕሞች ላይ አነሳው። አካባቢን ማዳን የፈለገ ሰው ሁሉ ድምፁን ይታገሣል ብለው ነበር መሰለኝ።

ይበሰብሳል የተባለውስ? እዚህ ላይ ሹክሹክታው ዝግ ይላል፣ ምክንያቱም የሚከፋው ሰው ብዙ ነው። ፒኤልኤ የሚበሰብሰው 58 ዲግሪ አካባቢ በሚሞቅ የኢንዱስትሪ ብስባሽ ክምር ውስጥ ነው። ኢኤን 13432 የሚባለው የአውሮፓ መመዘኛ በ6 ወር ውስጥ 90 በመቶው ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲለወጥ ይጠይቃል፤ መለኪያው እንዲህ ያለውን ሙቅ ክምር እንጂ ቆሼን ወይም የወንዝ ዳርን አያይም። የአዲስ አበባ ቱቦ ውስጥ የገባ የፒኤልኤ ቁራጭ ክረምትና በጋ ቢፈራረቅበትም በቀላሉ አይሟሟም። በአንጻሩ ካይቶሳንና ስታርች ለአፈር ይመቻሉ፤ ችግራቸው ቶሎ መራሳቸው ነው። ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር አለ፤ ማሸጊያው ተህዋስያንን እንዲገድል መድኃኒት አስገባንበት፣ ሲጣል ደግሞ እነዚያው ተህዋስያን እንዲበሉት እንጠብቃለን። ዘይቱ ተኖ ካላለቀ መበስበሱን ሊያዘገየው ይችላል።

የአገራችን የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆነ የማይበሰብስ ፌስታል ለማምረትም ለማስገባትም ፈቃድ እንዳይሰጥ ደንግጎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ምክር ቤቱ ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ስለዚህ «የሚበሰብስ» የሚል ጽሑፍ አሁን ገበያ ነው። አንዱ ነጋዴ ናሙና ይዞ መጥቶ «ይሄ ባዮዲግሬደብል ነው» ሲል የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ በየትኛው መመዘኛ? ከተራ ፕላስቲክ ጋር በፀሐይ የሚያፈራርስ ብረት ነክ ቅመም ቀላቅለው የሚሸጡ አሉ። ያ ይፈረካከሳል እንጂ አይበሰብስም፣ ደቃቅ ሆኖ አፈሩ ውስጥ ይቀራል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ይህን ዓይነቱን ከገበያ አግዷል።

ወደ ሽታው ልመለስ፤ ዋናው ጉድ እሱ ነው።

ሳህን ላይ ባክቴሪያን የሚያቆም የዘይት መጠን ሥጋ ላይ አያቆምም። ቲሞልና ካርቫክሮል ስብ ይወዳሉ፤ ከፊልሙ ወጥተው ስቡ ውስጥ ይሸሸጋሉ፣ ባክቴሪያው ደግሞ እርጥቡ ላይ ነው ያለው። መፍትሔው መጠኑን መጨመር ይሆናል፣ ሲጨመር ይሸታል። አንድ ጊዜ በጦስኝ ፊልም ተጠቅልሎ ፍሪጅ ውስጥ የቆየ የበሬ ሥጋ ጠብሰን የቤቱን ሰው ሁሉ አቀመስን። የባክቴሪያው ቁጥር በእርግጥ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ሠንጠረዡም ያምር ነበር። ከቀማሾቹ መካከል ዕቃ ማጠቢያ ክፍሉን የሚያስተዳድሩት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው አንጋፋ ባልደረባችን ነበሩ። አንዱን ጉርሻ አላመጡ፣ ቆም አሉ፣ ወደ ተማሪው ዞሩ።

«ልጄ፣ በሬው ጉንፋን ይዞት ነበር እንዴ?»

ሳቁ ካለቀ በኋላ ተማሪው ሊያስረዳቸው ሞከረ። «እትዬ፣ ጦስኙ እኮ ባክቴሪያውን እንዲገድልልን ነው።»

«እሱስ ይሁን። ታዲያ ከፕላስቲኩ ውስጥ ምን አስገባው? ሥጋው ላይ ነስንሳችሁ አትገላገሉም?»

ተማሪው መልስ አላገኘም። ይህ ጥያቄ በዘርፉ ውስጥ ካሉት ሁሉ ከባዱ ነው፤ ጽሑፍ የሚገመግሙት ሊቃውንትም አልፎ አልፎ ብቻ ነው የሚጠይቁት። መልስ የሚኖረው ብልሽቱ ከምግቡ ገጽ ላይ ሲነሳ ነው። ዳቦ የሚሻግተው ከላይ ነው፣ የተቆራረጠ አይብም እንዲሁ። እዚያ ላይ መድኃኒቱን ሙሉ ምግቡ ውስጥ ከመቀላቀል ገጹ ላይ በትንሽ በትንሹ የሚለቅ ፊልም ይሻላል። የተፈጨ ሥጋ ከሆነ ግን ባክቴሪያው ከውስጥም ከውጭም ነው፤ ፊልሙ የሚደርሰው ከውጭ ብቻ።

ሽታን ያሸነፉ የሉም አይባልም። ጃፓኖች የምሳ ዕቃ ውስጥ የሚያኖሩት የሰናፍጭና የዋሳቢ ጭማቂ የገባበት ስስ ወረቀት አላቸው፤ ተህዋስያን የሚገድለው ትነት ያው አፍንጫን የሚሰነፍጠው ነው። ሩዝና ዓሣ ከዋሳቢ ጋር መበላቱ የተለመደ ስለሆነ ማንም ምን ሸተተኝ አይልም። እዚያው ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው ኦክስጅን የሚመጥ የብረት ዱቄት ከረጢት ደግሞ ጭራሽ ሽታ የለውም፤ ዛሬ በየፓኮው ውስጥ «አትብሉ» ተብሎ የምታገኙት ኦክስጅን መጣጭ ትንሽ ከረጢት ዘር ማንዘሩ እሱ ነው። ገበያው ውስጥ ጸንቶ የቆየው አክቲቭ ማሸጊያ በአብዛኛው እንዲህ ያለው ነው፤ ዕፅዋት ያለበት የሚያምረው ፊልማችን አይደለም።

ሕጉም አፍንጫን ያስባል። የአውሮፓው ደንብ 1935/2004 አክቲቭ ማሸጊያ የምግቡን ብልሽት ሸፍኖ ገዢውን እንዳያታልል ይከለክላል። የቅርንፉድ ዘይት የሞላበት ፊልም የሸተተ ዓሣን ጠረን ቢያጠፋ ሕግ ፊት የሚያስጠይቅ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን «የስሜት ሕዋሳት ተቀባይነት ተሻሻለ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል።

የእኛ አገር ሰው በዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። ማለቢያውንና መናጫውን በወይራ ጢስ ያጥናል፤ ጢሱ ውስጥ ያለው ፌኖል ተህዋስያንን ያዳክማል፣ ወተቱም የሚወደድ መዓዛ ይይዛል። አክቲቭ ማሸጊያ ማለት ይኸው ነው፤ ዕቃው ራሱ ምግቡን ይጠብቃል። ኮሰረት ቅቤ ውስጥ ሲገባ፣ ዳቦ በኮባ ተጠቅልሎ ሲጋገር ማንም ሽታውን እንደ ጉድለት አይቆጥረውም። ስለዚህ አንድ ተማሪ «ምን ዘይት ላድርግበት?» ሲለኝ መጽሐፍ ከማገላበጡ በፊት እናቱ ያንን ምግብ በምን እንደምታጣፍጠው እንዲጠይቃት ነው የምመክረው። ባክቴሪያ ላይ ጉልበቱ ትንሽ ቢያንስም ቀማሽ የማያባርረው ይሻላል።

ለእንጀራ ግን ይህም አይሠራም። እንጀራ ኮምጣጣ ስለሆነ ባክቴሪያ ብዙም አይደፍረውም፤ ጠላቱ ሻጋታ ነው፣ ሦስት አራት ቀን ላይ ይመጣል። ዋሽንግተንና ዱባይ በአውሮፕላን ለሚላከው እንጀራ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ሻጋታው ከገጹ ስለሚነሳ ለፊልም የተፈጠረ ምግብ ይመስላል። ሞክረነዋል፤ ጦስኝ የሸተተ እንጀራ የሚበላ ሰው አላገኘንም፣ ቀረፋውማ አይነሳ።

የሠራልን ያልጠበቅነው ነገር ነው። እንጀራ ሙሉ በሙሉ ሳይበርድ ፌስታል ውስጥ ሲገባ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል፣ ውስጥ ውስጡን ላብ ሆኖ ይንጠባጠባል፣ ሻጋታውም ከዚያ ይጀምራል። ፖሊኤትሊን የውሃ እንፋሎት ብዙም አያሳልፍም። ፒኤልኤና የስታርች ፊልም ግን ያሳልፋሉ። ይህ በየጽሑፋችን «ድክመት» ብለን በአንድ ዐረፍተ ነገር የምናልፈው፣ ሸክላም ሰምም እየጨመርን ልንደፍነው የምንታገለው ጠባይ ነው። ምንም ዘይት ያልገባበት ተራ የፒኤልኤ ፊልም፣ ለማወዳደሪያ ብቻ ያስቀመጥነው፣ ከረጢቱ ውስጥ ላብ ሳያቆይ እንጀራውን ያዘው። እርግጥ ብዙ ካሳለፈ እንጀራው ይደርቃል፣ ጠርዙም ይቆረፍዳል። ስለዚህ አሁን የምንሠራው ስለ ዕፅዋት ሳይሆን ስለ ውፍረትና ስለ ቀዳዳ ብዛት ነው፤ ምን ያህል እንፋሎት በሰዓት ይውጣ የሚለውን እናስተካክላለን። ለዚህ ግን ገንዘብ ማግኘት ይከብዳል። ማመልከቻው ላይ «የተፈጥሮ ተጨማሪ» የሚለው ክፍል ባዶ ሲሆን ገምጋሚው «አዲስነቱ ምኑ ላይ ነው?» ብሎ ይመልሰዋል። ባለፈው ዙር ባልደረባዬ ትንሽ የሮዝመሪ ጭማቂ እንጨምርበት አለ፤ ለእንጀራው ሳይሆን ለማመልከቻው።